ከውሻ ጋር ወደ ደጋ ሐይቆች ለሚደረግ የዕረፍት ጉዞ የሚያስፈልግ ዝግጅት

በአገራችን ውሻ በአብዛኛው የግቢ ጠባቂ ነው። ቤተሰቡ ለበዓል ወይም ለዕረፍት ሲወጣ እርሱ ቤት ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። ውሻቸውን በቤት ውስጥ እንደ ቤተሰብ አባል የሚያሳድጉ ዜጎች ግን ለጥቂት ቀናት ከከተማ ሲወጡ አብሯቸው እንዲሄድ ይፈልጋሉ፤ ይህ ይፈቀድ እንደሆነና ምን ማሟላት እንደሚገባቸውም ይጠይቃሉ። ይህ ጽሑፍ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ወንጪ ሐይቅ የሚደረግን የሁለት ወይም የሦስት ቀን ጉዞ በምሳሌነት በመውሰድ ለጥያቄው ምላሽ ይሰጣል።

በአጭሩ ለማስቀመጥ፣ ውሻን ይዞ ወደ ወንጪ መሄድ ይቻላል፤ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይዞ መግባት ግን አይቻልም። ለጉዞው የሚሆነው ቀን ሲወሰንም ስሌቱ መነሻ የሚያደርገው የመኝታ ክፍል የተያዘበትን ቀን ሳይሆን ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት የወሰደበትን ቀን ነው። ምክንያቱ ከዚህ በታች ተዘርዝሯል።

የቦታ ምርጫ

ማንኛውም ሰው ወደ ብሔራዊ ፓርክ ውሻ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። ይህ ክልከላ ባሌ ተራሮችንና ስሜን ተራሮችን ብቻ ሳይሆን አብያታ ሻላንና ነጭ ሳርን ጨምሮ ሌሎች ፓርኮችንም ይመለከታል። ስለሆነም የሐይቅ ዳር ዕረፍት የሚያቅድ የውሻ ባለቤት የመረጠው ስፍራ በፓርክ ክልል ውስጥ አለመሆኑን በቅድሚያ ማረጋገጥ ይኖርበታል። በመግቢያው በር ላይ የሚደረግ ልመና ለጥበቃ ሠራተኛውም ለተጓዡም የማይመች በመሆኑ፣ ጥያቄው ከቤት ሳይወጡ በስልክ ቢጠናቀቅ ይመረጣል።

ክልከላው የጽዳት ወይም የሥርዓት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ በባሌ የደረሰውን ማስታወስ ተገቢ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ በየትኛውም የዓለም ክፍል አይገኝም። በአገር ደረጃ ያለው ቁጥር ከ500 በታች እንደሆነ የሚገመት ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው። በ1995 ዓ.ም. መጨረሻ የእብድ ውሻ በሽታ በፓርኩ ውስጥ በሚገኘው የዌብ ሸለቆ ተከሠተ። በ1996 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ወረርሽኙ እስኪገታ ድረስ በሸለቆው ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሞቱ። የበሽታው ምንጭ የቤት ውሻ ነበር። በሽታው ወደ ሌሎቹ የፓርኩ ክፍሎች እንዳይዛመት ባለሙያዎች በመተላለፊያው ላይ የሚገኙ ቀበሮዎችን አንድ በአንድ እየያዙ መከተብ ግድ ሆኖባቸዋል። ከዚያ በኋላም በተለያዩ ዓመታት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር የተሰኘው የውሻ ተላላፊ በሽታ በተደጋጋሚ ተከሥተዋል።

“የእኔ ውሻ የተከተበ ነውና ይፈቀድልኝ” የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ምክንያታዊ ነው፤ ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከዲስተምፐር አይከላከልም። ውሻ ቀበሮውን ከአደን ቦታው ሊያባርረው ይችላል። ከዚህም በላይ የቤት ውሻና ቀይ ቀበሮ ተዳቅለው የሚወልዱ መሆኑ በባሌ የተረጋገጠ በመሆኑ፣ በቁጥር እጅግ ጥቂት የሆነው ዝርያ ማንነቱን የማጣት አደጋ አለበት። የሰነቴን አምባና በላዩ የሚገኙትን ትናንሽ ሐይቆች መጎብኘት የሚፈልግ ቤተሰብ ውሻውን በቤት ትቶ ቢሄድ ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ከፓርክ ክልል ውጪ ያሉ የደጋ ሐይቆች ግን ጥቂት አይደሉም። ወንጪ በአምቦና በወሊሶ ከተሞች መካከል፣ በጥንታዊ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። የውሃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ ዙሪያውን የከበበው ተራራ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ይደርሳል። ስፍራው “ገበታ ለሀገር” በተሰኘው ፕሮጀክት እንዲለማ ከተመረጡት አንዱ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ እውቅና አግኝቷል። በጊንጪ በኩል የሚገኘው የደንዲ ሐይቅም ተመሳሳይ ከፍታ ያለው ሲሆን ጎብኚ ስለማይበዛበት ግርግር ለሚፈራ ውሻ ይስማማል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከዚህ የተለየ ባሕርይ አላቸው። በጫሞና በአባያ አዞ፣ በሐዋሳ ደግሞ ጉማሬ ስለሚገኝ ውሻን ፈትቶ ወደ ውሃ መልቀቅ አደገኛ ነው።

ማረፊያን በሚመለከት በአገራችን ውሻን የሚቀበሉ ሆቴሎችና ሎጆች ጥቂት ናቸው። የሚቀበሉትም ቢሆኑ የውሻውን መጠን፣ የሚያድርበትን ቦታና ተጨማሪ ክፍያን በሚመለከት የየራሳቸው ደንብ አላቸው። በስልክ የተሰጠ የቃል ፈቃድ ተረኛው ሠራተኛ ሲቀየር ሊዘነጋ ስለሚችል፣ ምላሹን በጽሑፍ መልእክት መቀበል ይመከራል።

ክትባት

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው ከ100 እጅ 99 እጁ የሚተላለፈው በውሻ አማካይነት ነው። በደጋው ገጠር ውሾች በብዛት ሳይታሰሩ የሚኖሩ ሲሆን አብዛኞቹ ክትባት አላገኙም። ከከተማ የሚሄድ ውሻ ከእነርሱ ጋር መገናኘቱ የማይቀር በመሆኑ አደጋው በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ያልተከተበ የከተማ ውሻ በሽታን ወደ መንደሩ ሊያስገባ ወይም ከመንደሩ ይዞ ሊመለስ ይችላል። በመንደሩ ለንክሻ ይበልጥ የሚጋለጡት ከብትና በግ የሚጠብቁ ሕፃናት ናቸው።

ክትባቱ ውሻው ሦስት ወር ከሞላው ጊዜ ጀምሮ ይሰጣል። በኋላም በየዓመቱ ይደገማል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ውሻ ወዲያውኑ ጥበቃ አያገኝም፤ ሰውነቱ መከላከያውን እስኪያዳብር ሳምንታት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ክትባት ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ መሰጠት ይኖርበታል። በጉዞው ዋዜማ ክሊኒክ ሄዶ ማስከተብ ወረቀት ያስገኛል እንጂ ጥበቃ አያስገኝም። በየዓመቱ ሳያቋርጥ የተከተበ ውሻ ያለው ባለቤት ይህን ያህል መጠበቅ አያስፈልገውም፤ የክትባቱ ጊዜ እስኪመለስ ድረስ የማያልፍ መሆኑን ማረጋገጥ ይበቃዋል።

በዚሁ ቀጠሮ ስለ ዲስተምፐርና ፓርቮ ክትባት ሐኪሙን መጠየቅ፣ የመዥገርና የቁንጫ መከላከያ ማስደረግ፣ እንዲሁም ለሆድ ትላትል መድኃኒት መስጠት ያስፈልጋል። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ሆኖም የታረደ በግ ጥሬ ጉበትና ሳንባ የሚበላ ውሻ በዓይን በማይታይ ሁኔታ የሚወጡ የትል እንቁላሎችን በግጦሽ መሬት ላይ ይጥላል። እንቁላሎቹ ወደ በግና ወደ ሰው ሲገቡ በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያስከትላሉ። ስለዚህ በዕረፍቱ ወቅት በግ ቢታረድ ውሃ የቋጠረውን የሆድ ዕቃ ለውሻው ከመጣል ይልቅ በጥልቀት መቅበር ወይም ማቃጠል ተገቢ ነው።

የክትባት ካርዱ የክትባቱን ዓይነት፣ የተሰጠበትን ቀን፣ የሐኪሙን ስምና የክሊኒኩን ማኅተም የያዘ መሆን አለበት። ዋናውን ካርድ በመኪና ውስጥ መያዝ፣ ፎቶውንም በስልክ ማስቀመጥ ይገባል። ውሻው ሰው ቢነክስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ካርድ ነው። የግል ክሊኒክ በአቅራቢያው የሌለው ባለቤት በሚኖርበት ክፍለ ከተማ ወይም ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሥር ወደሚገኝ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መሄድ ይችላል። ክትባቱ በሁሉም ቀን ላይኖር ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ መመላለስን ያስቀራል።

ጉዞ

ወንጪ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አንደኛው መንገድ በሰበታና በቱሉ ቦሎ አድርጎ በወሊሶ፣ ሌላኛው በሆለታና በጊንጪ አድርጎ በአምቦ በኩል ነው። ምርጫው የተጓዡ ነው፤ በየትኛውም በኩል ቢኬድ ግን ወሊሶ ወይም አምቦ ሐይቁ ጋ ከመድረስ በፊት የሚገኙ ትልልቅ ከተሞች በመሆናቸው መድኃኒትና የውሻ ምግብ ከዚያ አልፎ አገኛለሁ ብሎ መሄድ አይመከርም። የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ውሻ ለመጫን በአብዛኛው ፈቃደኛ አይደሉም። ሌላው ተሳፋሪም የመፍራት መብት ስላለው ጉዞው በግል ወይም በኪራይ መኪና ቢሆን ይሻላል። መኪና አከራዩም ውሻ እንደሚጫን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ውሻው ከመነሣቱ በፊት ከሦስት እስከ አራት ባሉት ሰዓታት ውስጥ ባይመገብ መንገድ ላይ የማስመለሱ ነገር ይቀንሳል። ውሃ ግን ሊከለከል አይገባም። በኋላ ወንበር ላይ በደረት ማሰሪያ ታስሮ ወይም በሳጥን ውስጥ ሆኖ ይጓዝ፤ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ መሄዱ ለዓይኑ ጥሩ አይደለም። በየሁለት ሰዓቱ ቆሞ ማሳረፍ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን በአስፋልት ዳር የመኪናው በር የሚከፈተው ገመዱ ከታሰረና በእጅ ከተያዘ በኋላ ነው። ምሳ ለመብላት ሲቆም ውሻን መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ መተው፣ አየሩ ቀዝቃዛ ቢመስልም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድለው ይችላል።

አዲስ አበባ የሚኖር ውሻ ከፍታ የለመደ ስለሆነ በወንጪ ብዙ አይቸገርም። ከአዳማ፣ ከድሬዳዋ ወይም ከሌላ ቆላማ ከተማ የሚመጣ ውሻ ግን የመጀመሪያውን ቀን በዕረፍት ቢያሳልፍ መልካም ነው። አፍንጫቸው አጭር የሆኑ፣ ያረጁና የልብ ሕመም ያለባቸው ውሾች ወደ ሐይቁ የሚወስደውን ቁልቁለት በቀላሉ ይወርዱና መውጫው ላይ ይደክማሉ። ከመስቀል በኋላ ያሉት የጥቅምትና የኅዳር ሳምንታት ዝናቡ ያባራበትና መስኩ ገና አረንጓዴ የሆነበት ጊዜ በመሆኑ ለጉዞው ተመራጭ ናቸው። ሌሊቱ ግን ውርጭ ሊኖረው ስለሚችል ለውሻውም ብርድ ልብስ ይያዝለት።

በሐይቁ ዳር

ወንጪ የጎብኚ ስፍራ ብቻ ሳይሆን ሰዎች የሚያርሱበት፣ ከብት የሚያሰማሩበት፣ ንብ የሚያንቡበት መኖሪያም ነው። ከአፋፉ ወደ ሐይቁ ጎብኚ የሚያመላልሱት ፈረሶች የአካባቢው ወጣቶች መተዳደሪያ ናቸው። ውሻ ሲጮህባቸው የሚደነብሩ ከሆነ በጠባቡ ቁልቁለት ላይ ፈረሰኛው ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ውሻው በማንኛውም ጊዜ በአጭር ገመድ መያዝ አለበት፤ ፈረስ ሲመጣም ከመንገዱ ወጥቶ ማሳለፍ ያስፈልጋል። “የእኔ ውሻ አይናከስም” የሚለው አባባል ገመድን አይተካም። ቤት ውስጥ ከድመት ጋር የሚተኛ ውሻ የሚሮጥ በግ ሲያይ የሚያደርገውን ባለቤቱም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ውሻው በግ ወይም ዶሮ ቢገድል ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግሮ በዕለቱ ካሣ መክፈል ለተበዳዩም ለተከታዩ ጎብኚም ይበጃል።

በሐይቁ ውስጥ በምትገኘው ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም። ጎብኚዎች በጀልባ ሲሻገሩ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ከውሻው ጋር በዳር መቅረት ይኖርበታል፤ ተራ በተራ መሻገርም ይቻላል። የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን እንዳይነካ የሚጠነቀቁ ሙስሊም ወገኖችም ስለሚኖሩ ውሻው ሰው ላይ እንዳይዘል መያዝ የመከባበር ጉዳይ ነው።

ውሻው የሚጠጣውን ውሃ ከቤት ወይም ከማረፊያው መያዝ ይመረጣል። ከረግረግና ከኩሬ የሚጠጣ እንስሳ በአፍንጫው ወይም በአፉ አልቅት ሊገባበት እንደሚችል ከብት አርቢ ሁሉ ያውቀዋል። ከጉዞ በኋላ ውሻው ደጋግሞ ቢያስነጥስ ወይም ከአንድ አፍንጫው ደም ቢታይ ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። ምግብን በሚመለከት ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ለውሻ ጎጂ ነው፤ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። መሬት ላይ የወደቀ ሥጋ እንዳይበላ መከልከልም ያስፈልጋል፤ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ወይም ጅብን ለመግደል መርዝ የተቀላቀለበት ሥጋ የሚጣልበት ጊዜ አለና።

ጅብን ካነሣን ዘንድ፣ ከከተማ የሚሄዱ ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ የሚዘነጉት ይህን ነው። ውሻ ለጅብ ሲሳይ ነው። በድንኳን ደጃፍ ወይም በሎጅ በረንዳ ላይ ታስሮ የሚያድር ውሻ ደግሞ የሚሸሽበት የለውም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ውሻው ግድግዳና የሚዘጋ በር ባለው ክፍል ውስጥ ይደር፤ ሌሊት ለመጸዳዳት ሲወጣም በገመድ ተይዞና ባትሪ በርቶ ይሁን። ማረፊያው ውሻ በክፍል ውስጥ እንዲያድር የማይፈቅድ ከሆነ ሌላ ማረፊያ መፈለግ የግድ ነው።

ንክሻ ሲያጋጥም

ሰው በውሻ ከተነከሰ ወይም በጥፍር ተቧጭሮ ከቆሰለ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ ያስፈልጋል። ይህ ማንም ሰው በማንኛውም ቦታ ሊያደርገው የሚችለው፣ ነገር ግን በድንጋጤ ምክንያት የሚዘለል ሕይወት አዳኝ እርምጃ ነው። ከታጠበ በኋላ ቁስሉን በጨርቅ አጥብቆ ማሰር ወይም ቅጠልና አመድ መነስነስ አይገባም። ተጎጂው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር አለበት። ሐኪሙ እንደ ቁስሉ ጥልቀት ተጨማሪ መድኃኒት በቁስሉ ዙሪያ እንዲወጋ ሊያዝ ይችላል። ፊት፣ አንገት ወይም እጅ ላይ የደረሰ ንክሻ፣ በተለይም በሕፃን ላይ ሲሆን፣ ለነገ አይባልም። ክትባቱ በሁሉም ጤና ጣቢያ ላይገኝ ስለሚችል ከመነሣት በፊት በወሊሶና በአምቦ የሚገኙ ሆስፒታሎችን በስልክ መጠየቅ የዝግጅቱ አካል ሊሆን ይገባል።

ጸበል መጠመቅም ሆነ ወደ ባሕል ሐኪም መሄድ የግለሰቡ ምርጫ ነው፤ ነገር ግን ክትባቱን ለአንድ ቀን እንኳ ሊያዘገየው አይገባም። በሽታው ከንክሻው ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ስለሚታይ “ደህና ነኝ” ማለት አሳሳች ነው።

የነከሰው ውሻ ከሚያጠቃ ተግባሩ መታገድ ቢኖርበትም ወዲያውኑ መገደል የለበትም። ታስሮ ለ10 ቀናት በባለሙያ ክትትል ይቆያል፤ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ጤነኛ ከሆነ በንክሻው ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የሰውየው ሕክምና ግን የ10 ቀኑን ውጤት አይጠብቅም። ውሻው በክትትል ላይ ሳለ ቢሞት ሬሳውን ሳይቀብሩ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ናሙናው በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሊመረመር ይችላል። በተቃራኒው የራስዎ ውሻ በሌላ ውሻ ከተነከሰ፣ ቀደም ሲል የተከተበ ቢሆንም፣ ቁስሉ ታጥቦ ሳይዘገይ ማጠናከሪያ ክትባት እንዲሰጠው ሐኪም ዘንድ ይቅረብ።

ከውጭ አገር ውሻ ይዘው ለሚመጡ

ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የሚመጡ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለውሻቸው የጤና ምስክር ወረቀትና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃ ሊይዙ ይገባል። ዝርዝር የመግቢያ ሁኔታዎችን ትኬት ከመቁረጥ በፊት ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣንና ከአየር መንገዱ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን መመለሱ ነው። ኢትዮጵያ የውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች ተርታ የተመደበች በመሆኗ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ባወጣችው ደንብ መሠረት ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ እዚህ የቆየ ውሻ ማይክሮቺፕ ያለው፣ ዕድሜው ቢያንስ ስድስት ወር የሆነና የክትባት ማስረጃው በመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የጸደቀ መሆን አለበት። በአሜሪካ ለተከተበ ውሻ ይህ ማስረጃ የሚጸድቀው ከአሜሪካ ከመውጣቱ በፊት ነው። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚመለስ ውሻ ደግሞ ክትባቱ መሥራቱን የሚያሳይ የደም ምርመራ ይጠየቃል። ምርመራው ከኅብረቱ አገር ሳይወጣ ከተደረገና በፓስፖርቱ ላይ ከተመዘገበ ውሻው ሳይጠብቅ ይመለሳል፤ ካልተደረገ ግን ከክትባቱ 30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ፣ ከዚያም ተጨማሪ ሦስት ወር መጠበቅ ይኖርበታል። የአንድ ወር የዕረፍት ፈቃድ ይዞ ለመጣ ሰው ይህ ማለት ውሻውን ለዘመድ ትቶ መመለስ ነው።